የአለርጂ ኪኒን አስምን ለምን አይገታም? ስለ ሂስታሚንና ስለሚሰሙት ሴሎች

(ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አንድ የወጣቶች ማዕከል ለነዋሪዎች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? የእሑድ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁኝ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ስቆም ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር አለ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይመጣና «እህቴ፣ ያቺን ቢጫዋን የአለርጂ ኪኒን ስጪኝ፤ ሌሊት ሌሊት ደረቴን ያፍነኛል» ይለኛል። ቢጫዋ ክሎርፌኒራሚን ናት። አፍንጫ ሲያሳክክ፣ ዓይን ሲያለቅስ፣ ቆዳ ሽፍ ሲል ጥሩ ትሠራለች። ደረቱን ለታፈነው ሰው ግን እንቅልፍ ከመስጠት ብዙም አታልፍም። ሰውየው ሳምንት ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል፤ አሁንም ያችኑ ኪኒን ይጠይቃል።

ብዙ ሰው «ኪኒኗ ሂስታሚንን ከከለከለች፣ ሂስታሚንም የአለርጂና የአስም ነገር ከሆነ፣ ታዲያ ለምን አትበቃም?» ይላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሂስታሚን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራት፣ አለርጂ ሲነሣ የምትፈስ ኬሚካል ናት። ዛሬ የምናገረው ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። መልሱ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ። መድኃኒቱ ለምን እንደታዘዘለት የገባው ሰው መሐል ላይ አያቋርጠውም ብዬ ስለማምን ነው ከሥሩ የምጀምረው።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቂሊንጦ ለምንኖር ሰዎች ለሳንባ የሚከብድ አየር ምን እንደሚመስል ነጋሪ አያሻንም። የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ከደጃፋችን ነው፤ ከባድ መኪናው ሌት ተቀን ያልፋል። ግንባታው አላለቀም፣ ሲሚንቶና አሸዋው በነፋስ ይነሣል። በጋው አቧራ ነው፤ ክረምቱ ደግሞ እርጥበትና የግድግዳ ሻጋታ። ዝናቡ ሲወጣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሣሩ ሁሉ ያብባል፣ ዱቄቱም በአየር ላይ ይበተናል። ኮሚናሉ ውስጥ በርበሬ የሚታመስ ቀን ደግሞ እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሳል በሳል ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። የበርበሬው ሳል አለርጂ አይደለም። ጢሱ የሚቆጠቁጠው የአየር ቧንቧን የነርቭ ጫፎች ነው፤ ለዚህም ነው አስም የሌለበትም ሰው አብሮ የሚያስለው። አስም ያለበት ሰው ቧንቧ አስቀድሞ የተቆጣ ስለሆነ ያው ጢስ እሱን ይጥለዋል፤ ሌላው ግን አስሎ ያልፈዋል። የሣሩ ዱቄት፣ የአልጋው አቧራ ውስጥ ያለችው ዓይን የማያያት ተባይ፣ የድመት ፀጉር፣ ሻጋታው ግን በሌላ በር ይገባሉ። እነሱን የሚቀበለው የሰውነታችን መከላከያ ነው፤ ጉዳያችንም እዚያ ነው።

ማስት ሴል የሚባል ሴል አለ። በ1878 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊኽ ነው። መኖሪያው ሰውነታችን ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ነው፤ ቆዳ ሥር፣ አንጀት ግድግዳ ላይ፣ አፍንጫ ውስጥ፣ የአየር ቧንቧ ዙሪያ። ሆዱ በጥቃቅን ከረጢቶች የተሞላ ነው፤ ከረጢቶቹ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሂስታሚን አለ። ሂስታሚን ራሱ ትንሽ ነገር ናት። ከምግብ ከምናገኘው ሂስቲዲን ከሚባለው የፕሮቲን ፍሬ ሴሉ ራሱ ይሠራታል። ሰዎች ላቦራቶሪ ውስጥ የሠሯት በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። በ1910 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሄንሪ ዴልና ጓደኛው ላይድሎው በእንስሳት ላይ ምን እንደምታደርግ አሳዩ፤ ልስልሱን ጡንቻ፣ የአንጀትንና የአየር ቧንቧን የመሰለውን፣ ታኮማትራለች፣ የደም ግፊትን ትጥላለች። የሰውነታችን የራሱ ገንዘብ መሆኗ በማያጠራጥር መንገድ የታወቀው ግን በ1927 ከትኩስ ጉበትና ከሳንባ ሲያወጧት ነው። ሳንባችን ውስጥ ዱሮም ነበረች ማለት ነው።

ማስት ሴሉ ከረጢቱን የሚያፈስበት ዋናው ምክንያት አይጂኢ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህን በ1966 እና በ1967 አሜሪካ ያሉት ባልና ሚስቱ ኢሺዛካና የስዊድን ሳይንቲስቶች ለየብቻ ደረሱበት። አይጂኢ በማስት ሴሉ ገላ ላይ እንደ ቀንድ ተተክሎ ይጠብቃል። የሚያውቀው ነገር፣ እንበል የሣር ዱቄት፣ መጥቶ ሁለቱን ቀንዶች ሲያገናኛቸው ሴሉ በደቂቃዎች ውስጥ ከረጢቶቹን ይዘረግፋል።

«እግዚአብሔር ይህን የመሰለ ነገር ለምን ፈጠረብን?» ብላችሁ ብትጠይቁ አይፈረድባችሁም። አይጂኢ፣ ማስት ሴልና ኢኦሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ትላልቅ ጥገኛ ትሎችን ለመከላከል የሚያገለግሉ ናቸው። ይህ ደግሞ ከአገራችን ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተደረጉ ጥናቶች በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ላይ ወጥተዋል። ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ከገጠሩ ይልቅ ከተሜው ላይ ይበዛ ነበር። ቀጥሎ የወጣው ጥናት ደግሞ የመንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ሲር ማለቱ ያነሰባቸው ሆነው እንደተገኙ አሳየ። ትል ይሻላል ማለቴ አይደለም፤ የመንጠቆ ትል ደም ያሳንሳል፣ ልጅ ያቀጭጫል። የመከላከያ ሴሎቻችን ግን በምን ላይ እንደሰለጠኑ ይነግረናል። ከገጠር ወደ ከተማ ዳር እየገባን ያለን እኛ በተለይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሂስታሚን ከተዘረገፈች በኋላ ምን እንደምትሠራ የምትወስነው እሷ አይደለችም። የሚወስነው የሚሰማት ሴል ነው። ሂስታሚን የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሴሎቹ ጆሮ ግን አራት ዓይነት ነው። ጆሮ ያልኩት በሴሉ ገላ ላይ የተተከለ ሪሴፕተር የሚባል ፕሮቲን ነው። አራቱ ኤች1፣ ኤች2፣ ኤች3 እና ኤች4 ይባላሉ።

ዕድራችሁን አስቡ። ጡሩምባ ነፊው ንጋት ላይ በየብሎኩ ሲነፋ ድምፁ አንድ ነው። ግን አንዱ ድንኳን ሊተክል ይሮጣል፣ አንዱ አግዳሚ ወንበር ያወጣል፣ ሴቶቹ ንፍሮና ቆሎ ሊያሰናዱ ወደ ኮሚናል ይገባሉ፣ አንዳንዱ ደግሞ ለቀስተኛን ሊያረጋጋ ይሄዳል። ጡሩምባው ሥራ አላከፋፈለም፤ እያንዳንዱ አስቀድሞ የተመደበበት አለው። ሂስታሚንና ሴሎቹም እንዲሁ ናቸው።

ሰዎች ይህን እንዴት እንዳወቁት ልንገራችሁ፤ እኔ በሙያዬ ከምወዳቸው ታሪኮች አንዱ ነው። የመጀመሪያዎቹ የሂስታሚን ማገጃ መድኃኒቶች የመጡት ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ለዚህ ሥራው ዳንኤል ቦቬ በ1957 የኖቤል ሽልማት ወስዷል። መድኃኒቶቹ የአፍንጫ ፈሳሹን ያቆማሉ፣ የቆዳውን እብጠት ያወርዳሉ። አንድ ነገር ግን አልገባ አለ። ሂስታሚን የጨጓራን አሲድ ትጨምራለች፤ መድኃኒቶቹ ይህን አሲድ ጭራሽ አይነኩትም። ያው ሂስታሚን፣ ያው መድኃኒት፣ አንዱ ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ አይሠራም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ «ሌላ ጆሮ አለ ማለት ነው» ብሎ ተነሣ። በ1972 ሁለተኛውን ሪሴፕተር የሚዘጋ ውህድ አገኘና መኖሩን አረጋገጠ። ከዚያ ሲሜቲዲን የሚባለው የጨጓራ መድኃኒት በ1976 ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1988 እሱም ኖቤል ተሸለመ። ሦስተኛው በ1983 ተገኘ። አራተኛው የተለየው በ2000 እና በ2001 ነው፤ እዚህ ከተቀመጡት ተማሪዎች ብዙም አይበልጥም።

ኤች1ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ባታውቁት ሥራውን አይታችኋል። የቆዳ አለርጂ ምርመራ አድርጎ የሚያውቅ ሰው ካለ ያስታውሰው። ባለሙያዋ ክንድ ላይ ጠብታዎች ትደረድራለች፤ የሣር፣ የአቧራ ተባይ፣ የድመት። አንዷ ጠብታ ግን ሂስታሚን ራሷ ናት፤ ምርመራው በትክክል መሥራቱን ለማወቅ የምትቀመጥ። በእያንዳንዷ ጠብታ ውስጥ ቆዳውን በትንሿ መርፌ ጫር ታደርጋለች። መጀመሪያ ቀይ ነጥብ ይወጣል። ቀጥሎ ዙሪያው ይቀላል። ከዚያ መሐሉ ላይ ትንኝ የነከሰ የሚመስል፣ ገርጣ ያለ እብጠት ይነሣል፤ ያሳክካል። አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ባለሙያዋ በማስመሪያ ትለካዋለች፤ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ምላሽ አለ ይባላል። ያ ሁሉ፣ መቅላቱም ማበጡም ማሳከኩም፣ በዋናነት የኤች1 ሥራ ነው። ደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸው ላላ ብሎ ውኃ ያወጣል፣ የነርቭ ጫፍ ይቀሰቀሳል። ለዚህም ነው ከምርመራው በፊት የአለርጂ ኪኒን ለቀናት አትውሰዱ የሚባለው፤ ኪኒኑ ኤች1ን ስለሚዘጋ ጠብታዎቹ ሁሉ ዝም ይላሉ።

ያንኑ እብጠት አሁን ክንዳችሁ ላይ ሳይሆን ጠባብ የአየር ቧንቧ ውስጥ አስቡት። ቧንቧውን የከበበው ጡንቻም ኤች1 አለው። ሂስታሚን ስትነካው ሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይለቀቅና ጡንቻው ይኮማተራል። ጤናማ ሰውና አስም ያለበት ሰው እኩል መጠን ያለው ሂስታሚን ቢተነፍሱ፣ አስም ያለበት ሰው ቧንቧ ከጤናማው ይልቅ በጣም ይጠባል፤ ሐኪሞች ይህንኑ እንደ ምርመራ ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

እስካሁን ያልኩት ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። ብዙ ያልተነገረው ግን እነዚህ ጆሮዎች በመከላከያ ሴሎቹ ላይም መኖራቸው ነው። አስም በጡንቻ መኮማተር ብቻ የሚገለጽ በሽታ አይደለም። የአየር ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ሴሎች ተሰብስበው ሰፍረዋል፤ ኢኦሲኖፊል፣ ቲ ሴል፣ ማስት ሴል፣ ዴንድሪቲክ ሴል። ሰውየው ደህና ነኝ ሲልም እንኳ ሰፈራቸውን አልለቀቁም። ሂስታሚን እነዚህን ሁሉ ታናግራለች፤ ለሁሉም ግን አንድ ዓይነት መልእክት አይደርስም።

ቲ ሴሎችን፣ ሌሎቹን የሚያዙትን ነጭ የደም ሴሎች፣ እንውሰድ። ረዳት ቲ ሴል ከሚባሉት ውስጥ አንደኛው ወገን በዋናነት እንደ ቲቢ ያሉ፣ ሴል ውስጥ የሚደበቁ ጀርሞችን ይዋጋል። ሁለተኛው ወገን ኢንተርሉኪን 4፣ 5 እና 13 የሚባሉ መልእክቶችን እያወጣ አይጂኢ እንዲመረትና ኢኦሲኖፊል እንዲበዛ ያዛል፤ የአለርጂው አስም አዛዥ እሱ ነው። በ2001 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አንደኛው ወገን በብዛት ኤች1፣ ሁለተኛው ወገን በብዛት ኤች2 እንዳላቸው አሳየ። በኤች1 በኩል የመጣው መልእክት አንደኛውን ወገን ያበረታል። በኤች2 በኩል የመጣው ግን ሁለቱንም ያረጋጋል። ኤች2 እንዳይኖራቸው ተደርገው በተወለዱ አይጦች ላይ ሁለቱም ወገኖች ከልክ አልፈው ሠሩ።

እንግዲህ ይቺ «ጠላት» የምንላት ሂስታሚን በአንደኛው ጆሮ በኩል እሳት ስትለኩስ በሌላው በኩል ታጠፋለች። ኤች2 የሚሠራው ሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል ነገር በመጨመር ነው። ዴንድሪቲክ ሴል፣ ማለትም እንግዳውን ነገር አንሥቶ ለቲ ሴሎች የሚያሳየው ሴል፣ በኤች2 በኩል ሂስታሚን ስትደርሰው አረጋጊውን ኢንተርሉኪን 10 ይጨምራል፣ ቀስቃሹን ኢንተርሉኪን 12 ይቀንሳል። ቤዞፊል የሚባለው የደም ሴልማ ይብስ ይገርማል። እሱ ራሱ ሂስታሚን ያፈሳል፤ ያፈሰሳት ሂስታሚን በኤች2 በኩል ተመልሳ «ይበቃል» ትለዋለች። ይህ በ1973 የታየ ነገር ነው። አካላችን ልጓሙን ከፈረሱ ጋር አብሮ ነው የፈጠረው።

(እግረ መንገዴን፣ ተማሪዎች ይህን ያዙልኝ፤ ሳልቡታሞል፣ ብዙዎቻችሁ ቬንቶሊን የምትሉት፣ በሌላ ሪሴፕተር በኩል ይግባ እንጂ ጡንቻውን የሚያላላው ያንኑ ሳይክሊክ ኤኤምፒ በመጨመር ነው።)

ኤች3 በብዛት የነርቭ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልቆይበትም።

ኤች4 ግን ሌላ ነው። የሚገኘው በዋናነት የመከላከያ ሴሎች ላይ ነው፤ ኢኦሲኖፊል፣ ማስት ሴል፣ ቤዞፊል፣ ዴንድሪቲክ ሴል፣ ቲ ሴል። ኤች1 እና ኤች2 የሚሰሙት ሂስታሚን በርከት ስትል ነው፤ ኤች4 ግን እጅግ ቀጭን ድምፅም ይሰማል። ማስት ሴሉ ካፈሰሰበት ቦታ አጠገብ ሂስታሚን ብዙ ነች፤ ራቅ ባለ ቁጥር እየሳሳች ትሄዳለች። የሳሳችዋን የሚሰማው ኤች4 ነው፤ የሚሰጠው ትእዛዝም «ወዲህ ኑ» ነው። ኢኦሲኖፊሎች ሂስታሚን ወዳለችበት አቅጣጫ ይጓዛሉ። ማስት ሴሎች ራሳቸው ይጓዛሉ፤ ልብ በሉ፣ ኤች4 ማስት ሴሉን ይጠራዋል እንጂ ከረጢቱን አያስፈስሰውም። በ2006 የወጣ የአይጥ ጥናት ኤች4 የሌላቸው አይጦች አለርጂ ሲደረግባቸው ሳንባቸው ውስጥ የተሰበሰበው ኢኦሲኖፊልም ሊምፎሳይትም (ቲ ሴል ያለበት የነጭ ደም ሴል ወገን) አነስ ብሎ እንደተገኘ፣ የሁለተኛው ወገን ቲ ሴል ሥራም እንደቀነሰ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ የአይጥ ጥናት ደግሞ ቲ ሴሎች ወደ ሳንባ እንዲሄዱ ኤች1ም እንደሚያስፈልግ አሳየ። ነገሩ አንድ ቁልፍ አንድ በር አይደለም።

አሁን መስኮቱ ላይ ወደቆመው ሰውዬ እንመለስ።

የሣሩ ዱቄት ከገባ በደቂቃዎች ውስጥ ማስት ሴሉ ያፈሳል፤ ቧንቧው ይጠባል፤ ሲር ሲር ይላል። ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው፤ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይበርዳል። ሰውየው ተረፍኩ ይላል። ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ግን ብዙዎች ላይ ሁለተኛው ዙር ይመጣል፤ ይኼኛው ለረጅም ሰዓት ይቆያል። የተጠሩት ሴሎች ደርሰው ሥራ ጀምረዋል። ኢኦሲኖፊሎቹ የያዙትን መርዛም ፕሮቲን ያፈሳሉ፤ የቧንቧው የውስጥ ልባስ ይላጣል፤ አክታ ይወፍራል። ማታ ሲመሽ ወጥቶ ሌሊት የሚያፍነው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ቢጫዋ ኪኒን ኤች1ን ትዘጋለች። ሎራታዲንና ሴትሪዚንም እንዲሁ፤ ልዩነታቸው እንቅልፍ አለማብዛታቸው ነው። ኪኒኖቹ የመጀመሪያውን ዙር በከፊል ያለዝባሉ። ኤች4ን ግን አይዘጉም፤ ጥሪው ይቀጥላል። ከዚያም በላይ ማስት ሴሉ ሂስታሚን ብቻ አይደለም የሚያወጣው። ከሂስታሚን ጋር ወዲያው ሉኮትራይን የሚባሉ ነገሮችን ይሠራል፤ እነዚህ ቧንቧን በማጥበብ ኃይላቸው ከሂስታሚን እስከ ሺህ እጥፍ ይበልጣሉ፤ ሂስታሚን ቶሎ ስትጠፋ እነሱ ይቆያሉ። የሂስታሚንን አንድ ጆሮ ዘግቶ አስምን አገታለሁ ማለት የማይሆነው ለዚህ ነው።

አስምና የአፍንጫ አለርጂ አብረው ያሉበት ሰው ኪኒኑ አፍንጫውን ሲያቀልለት ደረቱም ትንሽ ሊቀልለው ይችላል። ስለዚህ ኪኒኑን አልነቅፍም። ለአፍንጫው ይውሰደው። የአስም መድኃኒት ነው ብሎ ግን አይተማመንበት።

ታዲያ ምን ይሠራል? ሰፈሩን የሚበትነው። በአፍ የሚሳበው ስቴሮይድ፣ ለምሳሌ ቤክሎሜታዞን፣ ቲ ሴሎቹ መልእክት እንዳይልኩ ያግዳል፣ ኢኦሲኖፊሎቹ ከቧንቧው ግድግዳ እንዲሳሱ ያደርጋል፣ የማስት ሴሎቹንም ቁጥር ይቀንሳል። የትኛው ጆሮ ሰማ የትኛው አልሰማ አይልም፤ ሰሚዎቹን ራሳቸውን ያሳንሳል። ይህ ግን ቀናትና ሳምንታት ይወስዳል። ሰዉ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ሰማያዊዋ ፓፍ፣ ሳልቡታሞሏ፣ በደቂቃዎች ታስተነፍሳለች፤ ይኼኛው ተስቦ ወዲያው ምንም አይሰማም፤ «አልሠራልኝም» ተብሎ ይቀመጣል። እባካችሁ አትተዉት። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2019 ጀምሮ ለአዋቂዎችና ለታዳጊዎች ስቴሮይድ ሳይኖር ሳልቡታሞልን ብቻ መጠቀም አይመከርም ይላል። ሳልቡታሞል ጡንቻውን ያላላል፤ የሰፈሩትን ሴሎች አያስነሣም። በየወሩ ሰማያዊዋን እየጨረሱ የሚመጡ ሰዎችን ሳይ የምፈራው ለዚህ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ልጻፍ።

አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ አለ፦ «ኤች2 የሚያረጋጋ ከሆነ፣ የጨጓራ ኪኒን ኤች2ን ሲዘጋ አስም አያባብስም ወይ?» በጣም ደስ ያለኝ ጥያቄ ነው። በወረቀት ላይ ካሰብነው ማባባስ ነበረበት። ሲሜቲዲንና ፋሞቲዲን የወሰዱ ሰዎች ላይ ግን አስም በግልጽ ይባባሳል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም። ልጓሙ ኤች2 ብቻ ስላልሆነ ይመስለኛል። ስለዚህ የጨጓራ መድኃኒት የታዘዘላችሁ ሰዎች በዚህ ምክንያት አታቋርጡ።

ያው ልጅ ቀጠለ፦ «ኤች4ን የሚዘጋ መድኃኒትስ ለምን አይሠሩም?» ሠርተዋል። ቶሬፎራንት የሚባል መድኃኒት ኢኦሲኖፊል የበዛበት አስም ባለባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ የታሰበውን ጥቅም አልሰጠም። አይጥ ላይ ያማረ ነገር ሰው ላይ ሁልጊዜ አያምርም። አይጂኢን ወይም ኢንተርሉኪን 5ን የሚይዙ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ግን በሌላው ዓለም ለከባድ አስም እየሠሩ ነው፤ ዋጋቸው ለእኛ ገና ሩቅ ነው። ልጁ ወደ ሕክምና ትምህርት ቢገባ ደስ ይለኛል፤ እዚያው አዳራሽ ውስጥም ነግሬዋለሁ።

አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፤ ፓፍ ከጀመረች ትለምደዋለች፣ አትተወውም ይሉኛል» አሉ። እማማ፣ ፓፍ ሱስ አያስይዝም። ልጅቷ ደጋግማ የምትፈልገው በሽታው ስላለ ነው፤ ዓይኗ ደክሞ መነፅር ያደረገች ልጅ መነፅሩን ለመደችው እንደማይባለው ነው። ስቴሮይዱም በሳንባ በኩል በትንሽ መጠን ስለሚገባ ከሚዋጠው የስቴሮይድ ኪኒን ጋር አይስተካከልም። ተስቦ ሲያበቃ ግን አፏን በውኃ ተጉመጥሙጣ ትትፋ፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ፈንገስ ያወጣል።

ሌላው ችግር ትንሽ ልጅ ፓፉን ጫን አድርጋ በዚያው ቅጽበት መሳብ አለመቻሏ ነው። መድኃኒቱ ምላሷ ላይ ይቀራል። መሐል ላይ የሚገባው መሣሪያ ስፔሰር ይባላል፤ ባይገኝ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይሆናል። በ1999 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በልጆች ላይ ተሞክሮ በደንብ የተሠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር እኩል ሠርቷል። የሃይላንዱን ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ ትበሱታላችሁ፤ ፓፉ ገብቶ ዙሪያው አየር እንዳያሳልፍ በፕላስተር ይታሸጋል። አስቀድማችሁ በሳሙና አጥባችሁ ሳትወለውሉ በነፋስ አድርቁት፤ ከተወለወለ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ፓፉን ነቅንቁ፣ አንድ ጊዜ ጫን አድርጉ፣ ልጅቷ በሃይላንዱ አፍ በኩል አምስት ጊዜ ያህል ረጋ ብላ ትተንፍስ። ሁለተኛ ከታዘዘላት እንደገና ነቅንቁና ድገሙት። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትልቀቁባት።

ልጅቷ መናገር አቅቷት አንድ አንድ ቃል ብቻ እየቆራረጠች ካወጣች፣ የጎድን አጥንቷ መሐል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ሳልቡታሞሉን እየሰጣችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። የአለርጂ ኪኒን ሰጥታችሁ «እስቲ ይሻላት እንደሆነ» ብላችሁ አትጠብቁ።

ፓፍ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ኑ። እንዴት እንደምትስቡት አንድ በአንድ አሳዩኝ፤ ሃይላንድም አምጥቻለሁ።